ስለ ራስ መመስከር፦ በቅጥር ኮሚቴ ፊት



በዚህ አዳራሽ ከተሰበሰባችሁት ብዙዎቻችሁ ሥራ ፈላጊዎች ናችሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማችሁ ስልክ ቁጥር ትገለብጣላችሁ፣ ቴሌግራም ላይ የቅጥር ማስታወቂያ ትከታተላላችሁ፣ ሪፖርተር ጋዜጣ በወጣ ቁጥር ከዜናው በፊት የክፍት የሥራ ቦታውን ገጽ ትገልጣላችሁ። ከመካከላችሁ ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ የምትቀመጡ፣ ሰው የምትመርጡ አላችሁ። ዛሬ የምናገረው ለሁለታችሁም ነው፤ ጠያቂው ካልተስተካከለ ተጠያቂው ብቻውን ቢዘጋጅ ብዙ አይራመድም።

እኛ ስለ ራሳችን መናገር ሳንማር ያደግን ሰዎች ነን። እንግዳ ሲመጣ ተነስተን እጅ አስታጥበን፣ ትልቅ ሰው ፊት ዓይናችንን ሰብረን፣ ስንጠየቅ ብቻ መልሰን ነው ያደግነው። «አንገቷን የደፋች ልጅ» ማለት በእኛ ሰፈር ትልቅ ምስጋና ነው። ሰው ያደረገውን መልካም ነገር ሌላው ሲያወራለት ያምርበታል፤ ራሱ ካወራው ጉረኛ ይባላል። ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ እንኳ «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲባል «ምንም አይል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ይህን አስተዳደግ አልነቅፍም። እኔም በዚሁ ያደግሁ ነኝ፤ ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ነው። ችግሩ፣ አንድ ቀን የማናውቃቸው ሦስት ሰዎች ፊታቸው ያስቀምጡንና «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ይሉናል። ሃያ ዓመት ሙሉ አታድርግ የተባልነውን በሃያ ደቂቃ ውስጥ አድርግ እንባላለን።

እዚህ ላይ ልጆቻችን በሁለት መንገድ ሲወድቁ አይቻለሁ። አንዳንዱ ዝም ይላል። ስሙን፣ የተማረበትን ዩኒቨርሲቲ፣ የተመረቀበትን ዓመት ይናገርና ያበቃል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ሲቪው ላይ አለ። ሌላው ከሰው የሰማውን ይደረድራል፦ ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ፣ ጫና መቋቋም እችላለሁ። እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት የሰማኋቸው ከምቆጥረው በላይ ነው። ሰዎቹ ዋሽተዋል አልልም፤ ብዙዎቹ እውነትም ታታሪዎች ነበሩ። ግን ታታሪውም ሰነፉም እኩል የሚለው ቃል ሁለቱን ሊለይልን አይችልም።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የሂሳብ ሠራተኛ ልንቀጥር ተሰብስበናል። ከተጠሩት አንዷ ገባች፤ በቅርብ የተመረቀች፣ የአንድ ዓመት የሥራ ልምድ ያላት ልጅ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። «ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው?» ስትባል ከእሷ በፊት የገቡት ያሉትን ቃል በቃል ደገመችው። አጠገቤ የነበሩት የፋይናንስ ኃላፊ፣ አንጋፋ ሰው ናቸው፣ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና፣

«የኔ ልጅ፣ እሱን ተይውና፣ ሂሳብ አልገጥም ብሎሽ ያውቃል?» አሏት።

ትንሽ ዝም አለች። «አዎ፣ ያውቃል።»

«ምን አደረግሽ?»

«የሰኔን ወር የባንክ ሂሳብ ሳስታርቅ 900 ብር ልዩነት መጣብኝ። ቫውቸሩን ሁሉ ከመገልበጤ በፊት ልዩነቱን አየሁት፤ 900 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። እንደዚያ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈዋል ማለት ነው። ስለዚህ የዚያን ወር የቼክ ጉርዶች ብቻ አውጥቼ ከመዝገቡ ጋር አመሳከርኩ። 5,460 ብር የተከፈለበት ቼክ 4,560 ተብሎ ተመዝግቦ አገኘሁት። የመዘገብኩት እኔው ነበርኩ። በማግስቱ ጠዋት ለኃላፊዬ ነገርኳቸው፤ የማስተካከያ ቫውቸር አዘጋጅቼ እሳቸው ፈረሙበት።»

ይህን ስትናገር እጆቿ ተፈትተዋል። አንዱ ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ቁጥሮቹን ይጽፋል። ድምጿም ገና ስትገባ ከነበረው ሌላ ሆኗል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሙያዋን እንደምታውቅ፣ ከመቆፈሯ በፊት እንደምታስብ፣ ጥፋቷን እንደማትደብቅ፣ ያገኘችውን ለሚመለከተው እንደምታሳውቅ ተረዳን። ከእነዚህ አንዱንም «ነኝ» ብላ አልነገረችንም። ኃላፊው ቅጹ ላይ ምን እንደጻፉ አላየሁም፤ ጨርሳ ስትወጣ ግን ከወንበራቸው ተነስተው ሸኟት።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ዋናው ሐሳቤ ይኸው ነው። ፍርድ ቤት የቀረበ ምስክር «እኔ እውነተኛ ሰው ነኝ» እያለ አይከራከርም። የት እንደነበረ፣ ምን እንዳየ፣ ማን ምን እንዳደረገ ይናገራል፤ ፍርዱን ለዳኛው ይተዋል። ቃለ መጠይቅ ላይም ስለ ሥራችሁ መስክሩ፤ ምስጋናውን ለሰሚው ተዉለት። ይህ ደግሞ ካደግንበት ጨዋነት ጋር አይጣላም። ማንም «900 ብር ጠፍቶ እንዲህ አድርጌ አገኘሁት» ያለን ሰው ጉረኛ አይለውም።

ምስክርነት ግን በዚያው ቅጽበት ከአየር ላይ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዙና እስካሁን በእጃችሁ ካለፉት ሥራዎች አራት ወይም አምስት ጻፉ። ለእያንዳንዱ ነገሩ ምን እንደነበረ፣ የእናንተ ድርሻ የትኛው እንደነበረ፣ ምን እንዳደረጋችሁና በምን እንዳለቀ አስፍሩ። ከእነዚህ አራት ነጥቦች ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ድርሻችሁ ነው። የእኛ ሰው «እኔ» ማለት ያፍራል፤ «ሠራን፣ አጠናን፣ አስረከብን» ይላል። ኮሚቴው ደግሞ ሊቀጥር የመጣው አንድ ሰው ስለሆነ «እኛ» የሚለው ውስጥ ማንን እንደሚፈልግ ይጠፋዋል። «አምስት ሆነን ነበር የሠራነው፤ መጠይቁን አዘጋጅቶ መርካቶ ላይ ከነጋዴዎቹ መሰብሰብ የእኔ ድርሻ ነበር» በሉ። ጓደኞቻችሁን አልካዳችሁም፣ ራሳችሁንም አልደበቃችሁም።

«እኔ ዜሮ ዓመት ነኝ፣ ምን ልመስክር?» የሚል ይኖራል። ልባችሁ የሚሰበረው እዚህ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ማስታወቂያው ሁለት ዓመት ልምድ ይላል፤ ልምዱን የሚሰጥ ደግሞ የለም። ነገር ግን ደመወዝ ያልተከፈለበት ሥራም ሥራ ነው። የሰፈሩን እድር መዝገብ ለአባትሽ የያዝሽላቸው አንቺ ነሽ። ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ሕፃናት ያስተማርክ፣ የግቢ ጉባኤ ወይም የጀመዓ ገንዘብ ያዥ የነበርክ አለህ። የእናትሽን ሱቅ ከሰዓት በኋላ ስትጠብቂ የዱቤ ደብተሩን በስም ከፋፍለሽ፣ ማን መቼ እንደሚከፍል ለይተሽ የጻፍሽ ከሆነ እሱን ተናገሪ። ልምምድ በወጣህበት መሥሪያ ቤት ሁለት ወር ፋይል ብቻ ስታደራጅ ከርመህ ሊሆን ይችላል፤ ፋይሉን በምን ቅደም ተከተል እንዳደራጀኸው፣ ከዚያ በኋላ ሰው ሲፈልግ በምን ያህል ጊዜ ያገኘው እንደነበር ካስረዳህ ስለ አንተ ብዙ ነገር ተነግሯል።

የሰው ታሪክ ግን አትዋሱ። አንድ ጓደኛችሁ የሠራውን የራሳችሁ አድርጋችሁ ብታወሩ የመጀመሪያው ጥያቄ ያልፋል፤ ሁለተኛው ላይ፣ «ከዚያስ? ለምን በዚያ መንገድ ሄድክ?» ሲባል ይይዛችኋል። ደግሞም ቅጥሩ ቃለ መጠይቁ ላይ አያበቃም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው አዲሱን ሠራተኛ እስከ 60 የሥራ ቀናት በሙከራ ሊያየው ይችላል። በሃያ ደቂቃ ያሳመናችሁት ነገር በ60 ቀን ይፈተሻል።

ስለ ውጫዊው ነገር አጭር ልበል፤ ብዙ የሚወራለት እሱ ስለሆነ። ልብሱ ንጹሕ ይሁን፣ ጫማው የተጠረገ፣ የዚያ ሥራ ሰዎች ከሚለብሱት ብዙ ያልራቀ። ለአንድ ቀን ብላችሁ ተበድራችሁ ሱፍ አትግዙ። የአዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቦታውን ከቻላችሁ ከአንድ ቀን በፊት እዩት። በር ላይ ጥበቃውን፣ ቀጥሎ ጸሐፊዋን በወጉ ሰላም በሉ፤ ይህንን ለዘዴ ብላችሁ ሳይሆን ሰው ስለሆኑ አድርጉት። ስልካችሁን ከመግባታችሁ በፊት አጥፉት። ተቀመጡ ሲሏችሁ ተቀመጡ።

ዓይንን ግን በአጭሩ ላልፈው አልፈልግም። ለአዛውንት ዓይንን መስበር ለእኛ አክብሮት ነው፤ የሚያውቁ ጠያቂዎችም እንደዚያው ይረዱታል። ዋሽንግተን አካባቢ ሆቴል ወይም ሆስፒታል ሊቀጠር የሚቀርብ ወንድማችን ግን ያው አክብሮቱ የሚደብቀው ነገር ያለ፣ በራሱ የማይተማመን ሰው ያስመስለዋል። ቴል አቪቭ ያሉት እህቶቻችንም፣ ፍራንክፈርት ያሉትም ይኸው ያጋጥማቸዋል። ዝምታም እንደዚሁ ነው፤ እኛ አስበን ለመመለስ ዝም እንላለን፣ እዚያ ያለው ጠያቂ አያውቅም ብሎ ይጽፋል። ለእነዚህ ወገኖቻችን የምመክረው ባሕርያችሁን ለውጡ ብዬ አይደለም። ጥያቄው ሲጠየቅ ጠያቂውን ተመልከቱ፣ ስታስቡ ዓይናችሁ ወደፈለገበት ይሂድ፣ መልሱን ስትጨርሱ እንደገና ተመልከቱት። ዝም ከማለታችሁ በፊት ደግሞ «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ላስብበት» በሉ። ዝምታው ስም አገኘ ማለት ነው።

እዚህ አገር ቤት የራሳችን የሆነ ሌላ እንቅፋት አለን፤ እሱም እንግሊዝኛው ነው። ሦስት አማርኛ ተናጋሪዎች አንድ አማርኛ ተናጋሪን በእንግሊዝኛ ይጠይቁታል፤ ሥራው ላይ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት በአማርኛ ነው። ሥራው በእውነት እንግሊዝኛ የሚጠይቅ ከሆነ በእንግሊዝኛ መፈተን ተገቢ ነው። ካልሆነ ኮሚቴው የሚለካው ቋንቋውን ነው፣ ሙያውን አይደለም፤ ይህንንም ኃላፊነት ላላችሁት በግልጽ እላችኋለሁ። እናንተ አመልካቾች ደግሞ ታሪካችሁን በመጀመሪያ በተፈታላችሁ ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ፣ ለእህታችሁ ወይም ለጓደኛችሁ ተርኩት። ከዚያ በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች መልሱት። በቃል የተሸመደደ ረጅም አንቀጽ አንድ ቃል ከጠፋው ሁሉም ይጠፋል፤ የሆነ ነገር የሚተርክ ሰው ግን ቃል ቢጠፋው ሌላ ቃል ያገኛል። መሃል ላይ ከተያዛችሁም «ይህን ክፍል በአማርኛ ላስረዳ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲጠየቅ የተቆጣ ኮሚቴ አላጋጠመኝም።

«ደካማ ጎንህስ?» የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን ያስጨንቃል። «ሥራ ስለምወድ እረፍት አላውቅም» የሚለውን መልስ ተዉት፤ ማንም አያምነውም። እውነተኛ የሆነ፣ ሥራውን የማያበላሽ፣ ልታሻሽሉት የጀመራችሁት አንድ ነገር ተናገሩ፦ «ሰው ፊት ሪፖርት ማቅረብ እፈራ ነበር፤ አሁን በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ የክፍላችንን ሪፖርት እኔ ላንብብ ብዬ ጠይቄ ጀምሬአለሁ።» ደመወዝን በተመለከተ ማስታወቂያው «በስምምነት» ካለ ስምምነት ሁለት ወገን ይፈልጋል። ተመሳሳይ ቦታ ላይ ያሉ ሰዎችን አስቀድማችሁ ጠይቁና ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ቁጥር ጥሩ። «የሰጣችሁኝን እቀበላለሁ» ማለት ትሕትና ይመስላል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ቅሬታ ሆኖ ይወጣል።

ለሴት እህቶቻችን ለብቻው የምለው አለኝ። «አግብተሻል? ለመውለድ ታስቢያለሽ?» ተብላችሁ እንደምትጠየቁ አውቃለሁ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ሴትን በጾታዋ ምክንያት በቅጥርም ሆነ በክፍያ መለየትን ይከለክላል። ውጭ ያላችሁም ሕግ አላችሁ፣ ዓመቶቹ በእ.ኤ.አ. ናቸው፦ አሜሪካ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ፣ እስራኤል የ1988ቱ የእኩል የሥራ ዕድል ሕግ፣ ጀርመን የ2006ቱ የእኩል አያያዝ ሕግ። ጥያቄው ሲመጣ ግን ሥራ የሚያስፈልጋት ልጅ ሕግ ጠቅሳ እንደማትሟገት አውቃለሁ። «ሥራውን በሰዓቱ ከመሥራት የሚያግደኝ ነገር የለም» ብሎ ወደ ሥራው መመለስ ይቻላል። ኃፍረቱ የጠያቂው እንጂ የእናንተ አይደለም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ማዶ ልዙር። እናንተ መራጮች፣ ሰው ገና ሲገባ «ይሄስ ይሆናል» ብላችሁ ስትወስኑ ያያችሁት ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1920 ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን እንዴት እንደሚመዝኑ አጠና። ስለ አካላዊ ቁመና፣ ስለ አእምሮ፣ ስለ አመራር ችሎታና ስለ ጠባይ በየተራ ነጥብ እንዲሰጡ ተጠይቀው ነበር። ነጥቦቹ ከሚጠበቀው በላይ ተጣብቀው ተገኙ፤ ቁመናው ያማረው በሌላውም ሁሉ ከፍ ያለ ነጥብ ተሰጥቶታል። ሰው አንድ ነገሩ ሲያምረን የቀረውን እኛ እንሞላለታለን።

ሂዩስተን፣ ቴክሳስ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። በ1979 እ.ኤ.አ. አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት አመልካቾቹን በቃለ መጠይቅ መዝኖ፣ በደረጃ አሰልፎ 150 ተማሪዎች መረጠ። ከዚያ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት 50 ጨምሩ አለ። በዚያን ጊዜ የቀሩት ከሰልፉ ግርጌ ያሉት፣ በደረጃ ከ700 በታች የወረዱት ነበሩ፤ እነሱ ገቡ። በኋላ ሁለቱ ቡድኖች በትምህርታቸውና ከምረቃ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ የሥራ ዓመት ሲነጻጸሩ ልዩነት አልተገኘባቸውም። ያ ሁሉ ቃለ መጠይቅ ማን ጥሩ ሐኪም እንደሚሆን አልለየም።

መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ዳንኤል ካህነማን፣ በኋላ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ማለት ነው፣ በእስራኤል ጦር ውስጥ የ21 ዓመት ወጣት መኮንን ሳለ የምልምሎችን ቃለ መጠይቅ እንዲያሻሽል ታዘዘ። ጠያቂዎቹ ስድስት ጠባያትን ለየብቻ፣ በተወሰኑ ጥያቄዎች፣ ያለፈ ሕይወትን እየጠየቁ እንዲመዝኑ አደረገ፤ ስንት ቦታ እንደሠራ፣ ሰዓት ያከብር እንደነበር፣ ከጓደኞቹ ጋር በምን ያህል ጊዜ ይገናኝ እንደነበር። ጠያቂዎቹ ማሽን አደረግኸን ብለው ተቆጡ። እሱም በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ልጁን ወታደር ሆኖ እንዲያስቡትና አንድ ነጥብ እንዲሰጡት ፈቀደላቸው። አዲሱ ዘዴ ከቀድሞው በብዙ ተሽሎ ተገኘ። ደስ የሚለኝ ግን ያ በመጨረሻ፣ መረጃው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ የተሰጠው የስሜት ነጥብም ጠቃሚ ሆኖ መገኘቱ ነው። ስሜታችሁን ጣሉት አልተባላችሁም፤ ቀድሞ እንዳይገባ ያዙት።

ስለዚህ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ፤ ነጥባችሁን ሳትነጋገሩ ለየብቻ ጻፉ፤ አለቃው መጨረሻ ይናገር። ሥራው ተይዞ ለይስሙላ የሚጠራ ቃለ መጠይቅ ካለ ደግሞ ተዉት፣ አትጥሩ። ልጁ ለታክሲ የከፈለውን ማን ይመልስለታል? እሱም፣ የሰሙት ጓደኞቹም ከዚያ በኋላ «ዘመድ ከሌለህ አትድከም» እያሉ መዘጋጀት ይተዋሉ። ያልተመረጡትንም ደውላችሁ አሳውቁ።

ወደ እናንተ አመልካቾች ልመለስ። በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «የምትጠይቁን ነገር አለ?» ትባላላችሁ። «የለኝም» አትበሉ። «በዚህ ቦታ የሚገባው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምን ቢሠራላችሁ ደስ ይላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ውጤቱም መቼ እንደሚታወቅ።

አሁን የሻይ ዕረፍት አለን። ከዕረፍት በኋላ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ ከማታውቁት ሰው ጋር ቢሆን ይመረጣል። አንዱ «አልሳካ ያለህ ሥራ ነበር? ምን አደረግህ?» ብሎ ይጠይቅ፣ ሌላው በሦስት ደቂቃ ይመስክር። ጠያቂው ከሰማው ውስጥ «እኔ» የተባለበትን ድርሻ ብቻ ወረቀት ላይ ይጻፍና መልሶ ያንብብለት። ወረቀቱ ላይ ምንም ካልተጻፈ እንደገና ጀምሩ።